ጩኸት ነው ብለን የፈረምንበት ሙዚቃ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት። ርዕሰ ጉዳዩን አይታችሁ "ቲቸርን ምን ነካው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። መጨረሻው ድረስ አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ያኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ተከሶ ቀረበ። ክፍል ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ሲሰማ ተይዟል። ይሄ እንኳ ቀላል ነው፤ ስልኩ ይወሰዳል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ያልቃል። ነገሩ የከረረው ደብተሩ ሲገለጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁሉ እንደ ደረቀ የዛፍ ሥር የተጠላለፈ፣ ፊደል ይሁን ሥዕል የማይለይ ነገር ሥሎበታል። አንዱ ባልደረባችን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አሥር ሴኮንድ ያህል ሰማና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ይሄማ የሰይጣን ነው" አለ። በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ተወሰነ።

እናቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው አለቀሱ። ልጁ "ሰይጣን ታመልካለህ ወይ?" ተብሎ ተጠየቀ። "አላመልክም፣ ድምፁን ነው የምወደው" አለ። ከመካከላችን "ድምፁ ምኑ ነው የሚወደደው?" ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። የታሪክ መምህር ነኝ፣ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ግን መሽቶ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገርና ፈርቼም ነበር። "አንተም ታዳምጣለህ እንዴ?" እንዳልባል። ልጁ ሁለት ሳምንት ታገደ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። በዓመቱ ትምህርት ቤት ቀየረ።

ባለፈው ወር በቴሌግራም ጻፈልኝ። አልወቀሰኝም። "ቲቸር ያስታውሱኛል? ሦስት ፋይል ልኬያለሁ። በስልኩ ስፒከር ሳይሆን በማዳመጫ፣ ማታ ሰው ሲተኛ ይስሙልኝ" ነው ያለው።

ሰማሁት። የመጀመሪያው ቀን እኔም እንደዚያ ባልደረባዬ ነው የሆንኩት። ጊታሩ እንደ ተቆጣ የንብ መንጋ ነው። ዘፋኙ አንገቱን የተያዘ ይመስላል። ሁሉም ነገር ደግሞ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ፣ በተበላሸ ሬዲዮ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ሁለተኛውም ቀን ያው። በሦስተኛው ምሽት ግን አንድ ነገር ሆነ። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ታሪኩን ልንገራችሁ፣ እኔ ነገር በታሪኩ በኩል ካልሆነ አይገባኝምና።

ሙዚቃው ብላክ ሜታል ይባላል። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ ነው፤ ቬነም የሚባል የኒውካስል ባንድ በ1982 ያወጣው አልበም ርዕስ ነበር። ቬነሞች ሰይጣኑን የያዙት እንደ ቲያትር ነው፤ ሰው ለማስደንገጥና ለመሳቅ። ቀጥሎ የመጣው ስዊድን ውስጥ ባቶሪ የሚባል ባንድ ነው። መሪው ኳርቶን በሚል ስም የሚታወቅ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በ1984 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀረጹት ስቶክሆልም ውስጥ ጋራዥ በነበረ ቤት ነው። ድምፁ ሻካራ የሆነው አቅሙ እዚያ ድረስ ስለነበረ ነው እንጂ ማንም ፍልስፍና ብሎት አይደለም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

እነዚህ ቀረጻዎች ከአገር አገር የሚዞሩት በፖስታ ነበር። አንዱ ለአንዱ ደብዳቤና ካሴት ይልካል፣ ያኛው ገልብጦ ለሌላው ይልካል። ዕድሜያችሁ ከሠላሳ በላይ የሆነ ይሄ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ባዶ ካሴት ገዝተን ሙዚቃ ቤት ወስደን እናስቀዳ የለም? ከዚያ ጎረቤት ተውሶ ይቀዳዋል፣ ከእሱ ደግሞ ሌላው። አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዘፈኑ ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ ሽሽሽታ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ አንድ የትዝታ ካሴት ነበር። ካደግኩ በኋላ ያንኑ ዘፈን ጥርት ባለ ሲዲ አግኝቼ ስሰማው የሆነ ሰው ከቤት የወጣ ያህል ጎደለብኝ። የጎደለው ሽሽሽታው ነበር። ጆሮዬ ዘፈኑን የተማረው ከነሽሽሽታው ነው። የኖርዌይ ልጆችም የባቶሪን ድምፅ ያጠኑት እንደዚህ ይመስለኛል።

አሁን ኖርዌይ እንግባ። በ1991 መጀመሪያ፣ ኦስሎ አጠገብ ካለች ኮልቦትን ከምትባል ከተማ የመጡ ዳርክትሮን የሚባሉ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። አልበሙ በዘመኑ ተፈላጊ በነበረው በዴዝ ሜታል ስልት፣ ስቶክሆልም በታወቀ ስቱዲዮ ተቀርጾ፣ ፒስቪል በሚባል የእንግሊዝ አሳታሚ በኩል የወጣ ነው። መንገዱ ተጠርጎላቸዋል። እነሱ ግን በዚያው ዓመት ዞር አሉ። ሁለተኛውን አልበም ሲቀርጹ ያንን ሁሉ ጥራት ጣሉት። ጊታሩ ሳሳ፣ ድምፁ ቀዘቀዘ፣ ዘፋኙ ራቀ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አዲሱን መንገድ አልወደደውም፤ ድርሻውን ቀርጾ ተለየ። አሳታሚው ደነገጠና "ድምፁ እንደገና ይስተካከል" አለ። ልጆቹ "እምቢ፣ ካልፈለጋችሁ ለሌላ እንሰጠዋለን" አሉ። አሳታሚው ተሸነፈ፣ አልበሙ በ1992 እንዳለ ወጣ።

ልብ አድርጉ፤ ኳርቶን ጋራዥ ውስጥ የቀረጸው ወዶ አልነበረም። እነዚህ ግን ስቱዲዮውን፣ ባለሙያውን፣ ኮንትራቱን በእጃቸው ይዘው ነው ወደ ጋራዡ ድምፅ የተመለሱት። በአሥር ዓመት ውስጥ ችግር የነበረው ምርጫ ሆነ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ታሪክ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሞልቷል፤ ድሃ ገበሬ ተቸግሮ የበላውን ምግብ የልጅ ልጁ ሆቴል ሄዶ በውድ ዋጋ ያዘዋል። ልዩነቱ እነዚህ ልጆች ሲያደርጉት ገዢ አልነበረም።

በ1994 ደግሞ ይባስ ብለው ትራንሲልቫኒያን ሀንገር የተባለውን አወጡ። ፌንሪዝ የሚባለው የባንዱ ከበሮ መቺ መሣሪያዎቹን በሙሉ ለብቻው ተጫውቶ፣ ቤቱ ባስቀመጣት፣ አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ በምትቀዳ መቅጃ ነው የሠራው። ጓደኛው ኖክቱርኖ ኩልቶ መጥቶ ድምፁን ጨመረበት። በቃ። ቡርዙም በሚል ስም ብቻውን ይሠራ የነበረው ቫርግ ቪከርነስ ደግሞ በ1993 ፊሎሶፌም የተባለውን አልበም ሲቀርጽ፣ ራሱ እንደተናገረው፣ የስቱዲዮውን ባለሙያ ያለውን መጥፎ ማይክ እንዲሰጠው ጠየቀው። የተሰጠው ጭንቅላት ላይ የሚደረግ የማዳመጫ ማይክ ነው። ጊታሩንም በጊታር አምፕሊፋየር ሳይሆን በወንድሙ የቤት ቴፕ በኩል ነው ያስጮኸው። መጥፎውን ፈልጎ ማግኘት እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ለምን? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ "ጠግበው ነው" የሚል ነው። ኖርዌይ በ1969 ነዳጅ ያገኘች፣ ጦርነት የሌለባት፣ ሁሉ ነገር የተደላደለባት አገር ናት፤ ልጆቿ ቢሰለቻቸው ጊዜ አመፁ ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን ጥጋብ ብቻውን ዜማ አይሠራም። ጠግቦ የተኛ ይበዛል።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ምሽት። ቤት ሰው ተኝቷል፣ እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው። ከጩኸቱ ሥር ዜማ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ጥቂት ኖታ እየሄደ የሚመለስ፣ ከእሹሩሩ የማይከብድ። ጊታር ተጫዋቹ አንዱን ክር በጣም በፍጥነት ደጋግሞ ስለሚመታው እያንዳንዱ ምት አይለይም፤ ተዘርግቶ አንድ ረጅም ድምፅ ይሆናል። ከበሮውም እንደዚያው። ከመፍጠኑ የተነሳ መፍጠኑ ይረሳል። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተኛ ሰው ይገባዋል። የዝናቡን ጠብታ ማን ይቆጥራል? መጀመሪያ ያደነቁራል፣ ቀጥሎ ዝም ያለ ይመስላል፣ ከዚያ እሱ ውስጥ ሆኖ ማሰብ ይጀመራል።

ሻካራነቱ ለዚህ አስፈላጊ ነው። ዜማው ጥርት ብሎ ቢቀረጽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሰለቻል፤ ቀላል ነውና። የተቀበረ ስለሆነ ግን ቆፍሮ ማውጣቱ የሰሚው ሥራ ይሆናል። ያገኛችሁት ነገር ደግሞ የራሳችሁ ይመስላችኋል። የተደበቀ ነገር ስላለ አንዳንዴ የሌለ ዜማ ሁሉ ትሰማላችሁ፤ እኔ ሁለተኛው ፋይል ላይ የሴቶች መዘምራን የሰማሁ መስሎኝ ልጁን ጠይቄው "የለም ቲቸር፣ ጊታር ብቻ ነው" ብሎኛል። ሌላም ነገር አለ። አሁን የምንሰማው ብዙው ሙዚቃ ይለማመጣል፤ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ካልያዘን እንዳናልፈው ይጨነቃል። ይሄኛው ሰው ይምጣ አይምጣ ግድ የለውም። በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል። ይሄ ኩራቱ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ይላል።

አሁን የምጽፈውን አንብባችሁ እንዳትወግሩኝ። መንፈሱን አይደለም የማወዳድረው፤ የአሠራር ነገር ነው። የበገና ድምፅ ለምን እንደዚያ እንደሚያጉረመርም ታውቃላችሁ? ክሩና ብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያቺ ቆዳ ባትኖር በገና ጥርት ያለ ደረቅ ድምፅ ነው የሚኖረው። አባቶቻችን ጥርት ያለውን ድምፅ አግኝተውት ሳለ ሆን ብለው አሻከሩት። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር ያ ነዝናዛ ድምፅ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው በእንዚራዋ ምክንያት ነው። ሰው ጥራትን ብቻ የሚወድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ እንዚራን ማንም አይሠራትም ነበር።

ወደ መራራው ክፍል ልለፍ። እስካሁን የጻፍኩትን ብቻ ትቼ ብሄድ ውሸታም ነኝ።

ሜይሄም የሚባለው የኖርዌይ ባንድ በ1984 ነው የተመሠረተው። መሪው ዩሮኒመስ ይባላል። በ1991 ኦስሎ ውስጥ ሄልቬቴ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ከፈተ፤ በቋንቋቸው ሲኦል ማለት ነው። የሱቁ ምድር ቤት የእነዚህ ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ የባንዱ ዘፋኝ የነበረው የ22 ዓመት ስዊድናዊ ራሱን አጠፋ። የመድረክ ስሙ "ሙት" ማለት ነበር። ልብሱን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ የመቃብር ሽታ ሲይዝ አውጥቶ ለብሶ መድረክ ይወጣ ነበር። ጓደኞቹ ይሄን እንደ ጥበብ ቆጠሩለት፤ ሲሞትም ዩሮኒመስ ሞቱን ለባንዱ ዝና ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቲያትር ወጣ። ሰኔ 1992 በርገን አጠገብ ያለው ፋንቶፍት የሚባል የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። መጀመሪያ የተሠራው በ1150 ገደማ ነው፤ እኛ አገር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከሚነገሩበት ዘመን ማለት ነው። ሌሎችም ተከተሉ። ቪከርነስ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ የአልበም ሽፋን አደረገው። በዚያው 1992 ሌላ ሙዚቀኛ ሊልሃመር ከተማ አንድ ሰው በስለት ገደለ። ነሐሴ 1993 ደግሞ ቪከርነስ ዩሮኒመስን ገደለው። በ1994 በግድያና ቤተ ክርስቲያን በማቃጠል 21 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2009 ተፈታ።

ሜይሄም በ1994 ያወጣው አልበም ላይ ገዳይና ሟች አብረው ይጫወታሉ። አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ። የሟች ወላጆች የገዳዩ ድምፅ ከአልበሙ እንዲወጣላቸው ለምነው ነበር፤ አልወጣም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ቤዝ ከሌላው ድምፅ ለይቼ ላለመስማት እየሞከርኩ ነው፤ አልቻልኩም።

ለእኛ የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የመስጊድ መቃጠል ምን እንደሆነ ማብራራት የለብኝም። ስምንት መቶ ዓመት የቆመ እንጨት ለወጣቶች ዝና ነደደ፤ ይሄን የሚያስውብ ጽሑፍ ከእኔ አትጠብቁ። በ1997 መልሰው ሠርተውታል፤ ግን የታሪክ ሰው ያውቃል፣ የተሠራው አዲስ ነው።

ሌላም አለ፣ ለእኔ የቀረበ። ያ ቤት ውስጥ የተቀዳው ትራንሲልቫኒያን ሀንገር፣ ልጁ ከላከልኝ ሦስት ፋይሎች አንዱ ነው። መጀመሪያ ሲታተም ጀርባው ላይ ሙዚቃቸውን "የኖርዌይ አሪያን" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አሪያን ማለት የናዚዎቹ ቃል ነው። ግማሹን ግጥም የጻፈው ቪከርነስ ነው። ተቃውሞ ሲነሳ ባንዱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጽሑፉም ከቀጣዮቹ ኅትመቶች ወጣ። እኔ ይሄን ያነበብኩት ዜማውን ከወደድኩት በኋላ ነው። እኔን የመሰለ ጥቁር ሰው እንዲሰማው ያልተሠራ ነገር ማታ ማታ እየሰማሁ መሆኔን ሳውቅ ማዳመጫውን አውልቄ ብዙ ተቀመጥኩ።

ልጁን ጠየቅኩት። "ይሄን ታውቃለህ ወይ?" "አውቃለሁ ቲቸር" አለ። "ታዲያ?" ስለው "የቡርዙምን አልገዛም፣ አላጋራምም። ዳርክትሮንን ግን እሰማለሁ፤ ይቅርታ ብለዋል። ደግሞ ድምፁን እነሱም ከሌላ ነው የወሰዱት" አለ። በዚህ ላይ እንደ ታሪክ መምህር ልስማማ። ባቶሪ ጋራዥ ውስጥ ሲቀርጽ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ አልነበረም። ብሬስት አካባቢ የነበሩ፣ ጥቂት ካሴት ብቻ እያባዙ የሚሰጡ የፈረንሳይ ልጆችም ያንኑ ድምፅ የኖርዌይን እሳት ሳይለኩሱ ይዘውት ቀጥለዋል። ዛሬ በስንት አገር ስንቱ ልጅ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ይቀርጻል። ድምፁ ከወንጀሉ በፊት ነበረ፣ ከወንጀሉም በኋላ አለ። መካከል ላይ ግን የሰው ደም እንዳለ አውቆ መስማት ነው፤ ሳያውቁ መስማትና አውቆ መስማት ለእኔ አንድ አይደሉም።

የኖርዌይ መንግሥት እንኳ ነገሩን ዞሮ ዞሮ የራሱ አድርጎታል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ዲፕሎማቶቹን ስለ ብላክ ሜታል አሠልጥኗል፤ በየአገሩ ሰው እየጠየቀ ሲያስቸግራቸው። ፌንሪዝ ደግሞ ቀን ቀን ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በኋላ በከተማው የአካባቢ ምርጫ ሲያስገቡት ድመቱን ታቅፎ "እባካችሁ አትምረጡኝ" የሚል ፎቶ አወጣ፤ የተጠባባቂ ምክር ቤት አባል አድርገው መረጡት። ሳቅኩ። በአሥር ሴኮንድ የሰይጣን ያልነው ሰውዬ ይሄ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያ የ22 ዓመት ስዊድናዊ ዘፋኝ በጭንቀት ይሠቃይ የነበረ ልጅ ነው። አጠገቡ የነበሩት ልብሱን፣ ቀለሙን፣ ግጥሙን አዩለት። እኛ ኮሚቴ ሆነን የተቀመጥነው አምስት ሰዎች ደግሞ ስለ ሰይጣን ጠየቅን፣ ስለ ደብተሩ ሽፋን ጠየቅን። "ደህና ነህ ወይ? ማታ ትተኛለህ ወይ?" ያለው የለም። አሁን ስጠይቀው ያ ዓመት አባቱ ከቤት የወጡበት ዓመት እንደነበር ነገረኝ። "ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ ማዳመጫ እሰካለሁ፤ ከእነሱ ጩኸት የሚበልጥ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ዘፈን ብሰማ ንግግራቸው መሐል እየገባ ይሰማኛል፤ ይሄኛው ግን ሁሉንም ይሸፍነዋል" አለ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ የድሮው ትምህርት ቤት ገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችውን እህት ለምኜ ፋይሉን አስወጣሁ። ቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ ነው። አምስት ፊርማ አለበት፣ የእኔ ሦስተኛው ነው፣ ያኔ ፊርማዬን ማሳመር እወድ ነበር። ከጎኑ ቀን ጽፌ ስሜን ጠቅሼ "በዚህ ውሳኔ አሁን አልስማማም" ልል ብዬ ነበር፤ መዝገብ ላይ መጨመር አይፈቀድም ተባልኩ፣ ልክ ናት። ለልጁ ደወልኩለት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለእናቱም እንድደውል ቁጥራቸውን ሰጠኝ። እሳቸው ቀኑን እንኳ አስታወሱት፤ "ሐሙስ ነበር" አሉኝ።

ትናንት አራተኛ ፋይል ላከልኝ፤ ራሱ መኝታ ቤቱ በስልኩ የቀረጸው ነው። ገና አልከፈትኩትም፣ የዘጠነኞችን ወረቀት ነገ ማስረከብ አለብኝ። ማታ ሰው ሲተኛ እሰማዋለሁ።